ጉፍታ የማይሞላ ፀጉር

«በሩን ቆልፈሽዋል?»

«ቆልፌዋለሁ።»

«መስኮቱስ?»

«ኧረ ሰልዋ! ሰው የገደልን አስመሰልሽው እኮ!»

ትዕምርት ለመሳቅ ሞክራ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም። ሰልዋ ሻሿን ስትፈታ እያዩ መሳቅ አይቻልም። በጭሮ ከተማ ይህን ራስ ያየች ሰው ጓደኛዋ ትዕምርት ብቻ ናት፤ እናቷ እንኳ አላየችውም። ክረምት ላይ ታይፎይድ አልጋ ላይ ጥሏት ከተነሳች በኋላ፣ ወገቧ ላይ ይደርስ የነበረው ፀጉር ማበጠሪያ በነካው ቁጥር በእፍኝ መውጣት ጀመረ። አሁን አናቷ ላይ ቆዳዋ ይታያል። ከጆሮዋ በላይ ደግሞ ጣት ሲሰዱበት ምንም የማይይዝ ባዶ ቦታ አለ። «ላሽ ነው ይሉኛል» ብላ ስለፈራች ለሐኪም አላሳየችም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህን ተረት የሚተርተው ግን ሁልጊዜ ፀጉር ያለው ሰው ነው።

ከቦርሳዋ ያወጣችው መሣሪያ የጥርስ ብሩሽ ያህላል። ጫፉ ላይ ጥቃቅን መርፌዎች የተተከሉበት፣ እንደ ቀለም መቀቢያ ሮለር የሚሽከረከር ነገር አለ። ትዕምርት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ድሬዳዋ በሄደችበት ጊዜ ነው የገዛችላት። የራስ ቆዳ በመርፌ ሲነካካ የተኛው ፀጉር ይነቃል የሚል ቪዲዮ አብረው በስልክ አይተዋል። ችግሩ፣ ያዩት እስከ ግማሹ ብቻ ነው። ሴትዮዋ አያያዙን አሳይታ ወደ ጥንቃቄው ልትገባ ስትል ኢንተርኔቱ ጠፋ። ጊዜው የ2009 መኸር ነበርና ከዚያን ቀን ወዲህ በስልክ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልተመለሰም። በየስንት ቀኑ እንደሚደረግ፣ ምን ያህል እንደሚጫኑት፣ ከላዩ ምን መቀባት እንደማይገባ የነገራቸው የለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህች ልጅ ራስ ይመስላል።

«ትናንት አድርገሻል እኮ» አለች ትዕምርት። «ቁስሉ ይድረቅ እንጂ።»

«ሐሙስ ደረሰ፣ ትዕምርት! ሐሙስ ደረሰብኝ!»

ሐሙስ የኒካሑ ቀን ነው። ሐሙስ ጠዋት የእጮኛዋ የሳቢት እናት፣ ወይዘሮ ሶፊያ፣ ከበደሳ ከተማ ይመጣሉ። በእነሱ ቤተሰብ ወግ የሙሽራዋን ፀጉር ዘይት ቀብታ፣ ለሁለት ከፍላ፣ ከጆሮዎቿ ኋላ ጠቅልላ ጉፍታ የምታለብሳት የባሏ እናት ናት፤ ያውም ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ከብቦ እያየ። ጉፍታ ስስ የፀጉር መረብ ነው። ሞልቶ ካልታየ ደግሞ ባዶ ከረጢት ነው።

ወይዘሮ ሶፊያ ይህን ጋብቻ መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር። ባላቸው ሐጂ አብዱልቃዲር የታወቁ የጫት ነጋዴ ናቸው፤ የሰልዋ እናት ደግሞ ገበያ ዳር በአንድ የስፌት መኪና የሰው ልብስ እየጠገነች ልጇን ያሳደገች መበለት። ሳቢት «ከእሷ ሌላ አላገባም» ብሎ ድርቅ ሲልባቸው ተሸነፉ፤ ሽንፈታቸውንም በሽምግልናው ቀን በቀልድ ሸፈኑት።

«የቤቷን ጉድለት እኔ እሞላለሁ» አሉ። «ጉፍታዋን ግን ራሷ ትሙላ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰልዋም ሳቀች። ያን ቀን ፀጉሯ ገና ወገቧ ላይ ነበር።

አሁን ሮለሩን አናቷ ላይ አስቀምጣ ተጫነችው። ወደ ፊት ገፋችው፣ ወደ ኋላ ሳበችው። ትዕምርት ፊቷን አዞረች። «ጌታ ሆይ፣ አንተው ተው በላት» ስትል ይሰማል። ሰልዋ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ደገመችው፤ በጣም ካመመኝ በጣም ይበቅላል ብላ ታምናለች። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሕመሙን እንደ ጸሎት ይቆጥረዋል።

ስትወጣ የጊቢውን በር የከፈተላት የትዕምርት ወንድም ኤልያቄም ነው። ባጃጁን እያጠበ ነበር። «ሻሽሽ ላይ ደም አለ፣ እህቴ» አላት ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ሰልዋ ደንግጣ ሻሿን ስትሰበስብ ዓይኗ መንገዱን ተሻግሮ ከቆመ ፒክአፕ ላይ አረፈ። መሪው ላይ ሳቢት ነበር። አያት። ኤልያቄምን አየ፣ መልሶ እሷን አየ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ሁልጊዜ ሲለያት የሚያሰማትን ጡሩንባ አላሰማትም፤ ሰልዋም ያን ማታ በራሷ ላይ ያለው ሕመም ሁሉ ወደ ደረቷ የወረደ መሰላት።

*

ሰልዋ የምትሠራው መናኸሪያው አጠገብ ባለች የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሳቢትን ያወቀችውም እዚያው ነው። የመኪናውን ሊብሬ ኮፒ ሊያስደርግ ገብቶ፣ በማግስቱ ያንኑ ሊብሬ ይዞ መጣ፤ በማግስቱም እንዲሁ። «ይሄ ሁሉ ኮፒ ለምንህ ነው?» ብትለው፣ «ለሰበብ» ብሎ ነበር የመለሰላት። ዛሬ ሲገባ ግን በእጁ ምንም አልያዘም።

«ስልክ አታነሺም» አላት ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ።

«ሥራ በዝቶብኝ...»

«እነ ትዕምርት ቤት ለመሄድ ግን አልበዛብሽም።»

«ጓደኛዬ ናት።»

«ወንድሟስ?»

ሰልዋ ቀና አለች። ወላሂ፣ እንዲህ ይጠይቀኛል ብላ አስባ አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰዉ «የፎቶ ኮፒዋ ልጅ የጴንጤዎቹ ቤት በሩ ተቆልፎባት ትውላለች» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

«ሳቢት፣ እኔን ነው?»

«እኔማ ምን ልበል? ፊትሽን ትሸሽጊኛለሽ። ድሮ መኪናዬ ስትደርስ ሮጠሽ ትወጪ ነበር፤ አሁን ጠረጴዛው ሥር ልትገቢ ትደርሻለሽ። ደግሞ ከዚያ ጊቢ ስትወጪ አልቅሰሻል። እሱም ጆሮሽ ድረስ ጎንበስ ብሎ ያዋራሻል። አንድ ነገር ንገሪኝ። ውሸትም ቢሆን ንገሪኝ፣ አምንሻለሁ!»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ፀጉሬ ረገፈ።» ሁለት ቃል። ምላሷ ላይ መጣላት፤ ግን ከኋላው የወይዘሮ ሶፊያ ሳቅ ተሰማት፣ የእነዚያ ሁሉ ሴቶች ሳቅ። ቃሉን ዋጠችው።

«ሐሙስ እናትህ ባይመጡ ይሻላል» አለችው።

ሳቢት ፊቱ ተለወጠ። ቃሉን የሰማው በገዛ ቁስሉ ነው፤ «አልፈልግህም» ያለችው መሰለው።

«ይመጣሉ» አላት በቀስታ። «ይዣቸው የምመጣውም እኔ ነኝ። ካልፈለግሽኝ ለእሳቸው በአፍሽ ንገሪያቸው። እኔ አንቺን ከስሼ ለማንም አልናገርም፣ ሰልዋ። አልችልበትም።»

ሄደ። ኮፒ ማድረጊያው ማሽን ክዳኑ እንደተከፈተ ጥቁር ወረቀት ያወጣ ነበር፤ ሰልዋም እንዲያቆም ማድረግ አልቻለችም።

*

ረቡዕ ጓደኞቿ መጥተው እጇንና እግሯን ጥቁር ሂና ቀቧት። ጥቁር ሂና እንደ ቀዩ ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ቶሎ እንዲይዝና እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም ይቀላቀልበታል። ዘፈኑ አለቀ፣ ልጃገረዶቹ ሄዱ፣ እናቷም ለነገው ልትሸምት ወደ ገበያ ወጣች። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ግን ሂና ተርፎ ነበር።

ሰልዋ ሳህኑን እያየች ቁጭ አለች። ያን ጠዋት ሮለሩን ከወትሮው ሁሉ አብዝታ ተጠቅማበታለች፤ አናቷ እንደ ተላጠ ጉልበት ያቃጥላታል። ታድያ ቆዳው ራሱ ቢጠቁርስ? ጥቁር ቆዳ ላይ ያለ ስስ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ አይመስልም? ሶፊያ ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ቶሎ ጠቅልለው ጉፍታውን ካሰሩልኝ ማን ያውቃል?

ማን ይከልክላት? ቪዲዮው የተቆረጠው ይህን ከመናገሩ በፊት ነው።

ሂናውን በጣቷ እያፈሰች በተወጋው ቆዳዋ ላይ ለጠፈችው። መጀመሪያ ቀዘቀዛት። ቀጥሎ በላት። ቀጥሎ የራስ ቅሏ ላይ ፍም ያፈሰሱባት መሰላት። ትራሱን ነክሳ «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ» እያለች ታገሰች። ስታጥበው ውሃው ጥቁርና ቀይ ሆኖ ወረደ፤ አብሮትም ያ ሲንከባከቡት የነበረው ቀሪ ፀጉር በጉንጉን ወረደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሌሊቱን ሻሽ አስራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ሲነጋ ዓይኖቿ እንደ ክር ጠብበው ነበር፤ ግንባሯና ጆሮዎቿ አብጠው የራሷ አይመስሉም። እናቷ መጋረጃውን ገልጣ «ያ ረቢ! ኢንተላ ቲያ፣ ማል ታቴ? ምን ነካሽ ልጄ?» ብላ ስትጮህ፣ ሰልዋ የሻሿን ቋጠሮ በሁለት እጇ ያዘች።

«ሐኪም ቤት አልሄድም፣ ኡሚ። እዚያ ሻሽ ያስወልቁኛል። ብሞት ይሻለኛል፤ ወላሂ ብሞት ይሻለኛል!»

እናቷ መልስ ሳታገኝ ከደጅ እልልታ ተሰማ። የበደሳ መኪኖች ደርሰዋል። ሰልዋ በሕይወቷ እንደዚያ እልልታ የሚያስፈራ ድምፅ አልሰማችም።

*

«ሙሽራዋ የታለች?» አሉ ወይዘሮ ሶፊያ ሲገቡ። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናቸው፤ ቤት የሚሞሉ። ከኋላቸው ሴቶቹ ከበሮ ይዘዋል።

ከመጋረጃው ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እርስዎ ብቻ ይግቡ። ሌላ ሰው እንዳይገባ።»

ከበሮው ቆመ። ሶፊያ ገቡና መጋረጃውን ከኋላቸው መለሱት። ያበጠውን ፊት ሲያዩ እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። ሰልዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትፈራው የነበረው ሰዓት መድረሱን ስታውቅ፣ ምን ልታተርፍ እንደምትደበቅ ግራ ገባት። ምንም አልቀራትም። ሻሿን ራሷ ፈታችው።

ሶፊያ ጎንበስ ብለው የቆሰለውን አናቷን ተመለከቱ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«እኔው ነኝ።»

«በምን?»

«በመርፌ። በሂና።»

«ለምን ሲባል፣ ልጄ? በአላህ፣ ለምን ሲባል?»

«ለእርስዎ» አለች ሰልዋ። «እንዲሞላልዎት።»

ወይዘሮ ሶፊያ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። የተናገሩትን ቀልድ ረስተውት ነበር፤ አሁን አስታወሱት። ከዚያ ግን ተነሡና ወደ በሩ ጮኹ፦ «ሳቢትን መኪናውን ያስነሣ በሉት! ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው!»

ሰልዋ እጃቸውን ያዘች። «ለሳቢት እንዳይነግሩብኝ።»

«እኔ አልነግረውም» አሉ ሶፊያ፤ ድምፃቸው መልሶ ጠጠረ። «አንቺ ትነግሪዋለሽ። እኔ ልጄን ሳያውቅ አላስረውም። ከተነገረው በኋላ እሺ ካለ እሰየው። ሳይነገረው ግን ኒካሕ የለም።»

ሶፊያ በእጃቸው የሰልዋን ነጠላ ፊቷ ላይ ጣል አደረጉላት። እጃቸው ለስላሳ ነበር፤ ቃላቸው ግን አልለሰለሰም። ሰልዋ ከሁለቱ የትኛውን እንደምታምን አላወቀችም።

*

ሐኪሙ ወጣት ነበር። መርፌ አስወጋት፣ ቁስሉን አሳጠበ፣ እያዘነ ተናገረ። ከታይፎይድ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ከታገሱት በራሱ ይመለሳል አላት። ከጆሮዋ ኋላ ጣቱን እያሳየ፣ «ይኸው፣ እዚህ ጋ አጫጭሩ መውጣት ጀምሮ ነበር» አለ።

«አናቴስ?»

«አናትሽ ተቃጥሏል። ቁስሉ ሲድን እናያለን። ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ሊመለስላት መንገድ ላይ የነበረውን በገዛ እጇ አቃጥላው ነበር። ከክፍሉ እንዴት እንደወጣች አታውቅም።

ሳቢት ጊቢው ውስጥ ፒክአፑን ተደግፎ ቆሟል። እናቶቹ ራቅ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሰልዋ ፊቷን እንደሸፈነች ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች።

«ዙር» አለችው። «ፊትህን እያየሁ አልናገርም።»

ዞረ።

«ፀጉሬ ረግፏል፣ ሳቢት። ከክረምት ጀምሮ። እነ ትዕምርት ቤት የምሄደው ራሴን በመርፌ ልወጋ ነበር፤ እንዲበቅልልኝ። ያን ቀን ሻሼ ላይ ደም ነበር። ኤልያቄም እንዳላፍር ብሎ ነው ቀስ ብሎ የነገረኝ። ትናንት ደግሞ የቀረውን አቃጠልኩት። ላይመለስ ይችላል ተባልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

የሳቢት ትከሻ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የሚስቅ መሰላት፤ ኋላ ሲያለቅስ ሰማችው።

«ፀጉር ብቻ?» አለ። «አልሐምዱሊላህ! ፀጉር ብቻ ነው?»

ሰልዋ የያዘችው ሁሉ ያኔ ገነፈለ።

«ብቻ አትበል! ብቻ ብሎ ነገር የለም! ቆዳዬን እስኪደማ ስገሸልጥ ብቻ አልነበረም! ሌሊቱን ዓይኔ እስኪጠፋ ሳብጥ ብቻ አልነበረም! አንተ ደስ ያለህ ሌላ ወንድ ስላልሆነ ነው። እኔ ራሴን ደበቅኩህ፣ አጥፍቻለሁ። አንተስ? እኔን እንደዚያ የምታስበኝ ሰው መሆንህን ደብቀኸኝ አልነበረም? ፀጉር እንኳ ይበቅል ይሆናል። ያ ከልቤ በምን ይወጣል?»

ሳቢት ሊዞር ቃጣውና ቃሏን አስታውሶ ቀረ።

ጎማውን እያየ መለሰላት፦ «ፈራሁ። የፈራ ሰው ያሳፍራል። አሁን አንድ ነገር ልበልሽ። ኒካሑ ይቅር ካልሽ፣ ያፈረስኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ለአባቴም፣ ለጭሮም፣ ለበደሳም። ያንቺን ገመና ማንም አይሰማም። ይሁን ካልሽ ግን እኔ እዚያው በራፍሽ ላይ ነኝ።»

«ሳታየው?»

«አይቼማ የወደድኩሽ መቼ ነው? ሻሽሽን እንጂ ፀጉርሽን መቼ አየሁት?»

ሰልዋ ወደ መኪናው ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። በመንገዱ ሁሉ መስተዋቱ ውስጥ ዓይኑን ታየው ነበር፤ እሱ ግን አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላያትም። ይህን ማክበር ይሁን ማፈር መለየት ስላልቻለች ለሁለቱም አለቀሰችላቸው።

*

ከቀትር በኋላ ሼኹና ወንዶቹ ጊቢው ውስጥ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አባቷ ስለሌሉ የሚድሯት አጎቷ ቡሽራ ናቸው። ወይዘሮ ሶፊያ መጋረጃው አጠገብ ቆመው «ነገርሽው?» አሏት። «ነገርኩት» አለች። ሶፊያ ራሳቸውን ነቀነቁና ያመጡትን ጉፍታ አጣጥፈው ሸጉጠው ከጎኗ ተቀመጡ።

አጎቷ ቡሽራ ከሁለት ምስክሮች ጋር መጋረጃው ደጃፍ መጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰልዋ፣ ልጄ፣ ለሳቢት አብዱልቃዲር ልድርሽ ነው። ፈቃድሽ ነው?»

ሰልዋ ዝም አለች።

ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝምታዋ እሺታዋ ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ታፍራለች ተብሎ አፏን አያስከፍቷትም። አጎቷም ትንሽ ጠብቀው፣ ግዴታውን እንደተወጣ ሰው ለምስክሮቹ «ሰማችሁ» ብለው ዞሩ።

«አጎቴ፣ ይቆዩ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም» አለች ሰልዋ። «እያሰብኩ ነበር።»

እናቷ «ልጄ፣ አታሳፍሪን» ብላ አንሾካሾከች። ሰልዋ ግን ባበጡት ዓይኖቿ መጋረጃውን ትመለከት ነበር። ያንን ጥርጣሬውን አሰበች፤ አሁንም ያማል። «ያፈረስኩት እኔ ነኝ እላለሁ» ያለውን አሰበች። ያመማትን የሚያውቅ፣ እሱ ራሱ እንዳሳመማትም የሚያውቅ አንድ ሰው በዚህ ምድር ላይ እዚያ ውጭ ተቀምጧል። ደግሞም በዝምታ ስንት ነገር እንዳቃጠለች አሰበች።

«እሺ ብላለች ይበሉ» አለች፤ ድምፁ ምንጣፉ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ። «በዝምታ ሳይሆን በአፌ ነው። ራሴ እንደቆሰለ፣ ልቤም እንደቆሰለ፣ ፀጉሬ ቢመለስም ባይመለስም፣ እሺ ብያለሁ።»

አጎቷ ገና ወደ ምንጣፉ አልተመለሱም፤ ሼኹም ገና አፋቸውን አልከፈቱም።

«ተቀብያለሁ!» አለ ከውጭ የሳቢት ድምፅ።

«ቆይ እንጂ አንተ ልጅ!» ሲሉ ሼኹ ተሰሙ። «ገና ማን ጠየቀህ?»

ወንዶቹ ሁሉ ሳቁ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ወይዘሮ ሶፊያ ሳቁ፣ እናቷም ሳቀች። ሰልዋ ግን አለቀሰች። ጨዋማው እንባ ባበጠው ፊቷና በቁስሉ ዳር ሲወርድ ክፉኛ አቃጠላት፤ እሷም አልጠረገችውም።